የደምሴ አረንጓዴ ካፖርት

ስልሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት ሊያልቅ ክረምቱ ገብቷል፤ እኔ የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ። ከቁስቋም በታች፣ ቁልቁለቱ ጋብ ከሚልበት ላይ የጋሽ ዳና የሽመና ቤት ነበረች። ቤት ስል ቤት እንዳይመስላችሁ፤ በባሕር ዛፍ አጣና ላይ ቆርቆሮ የተጣለባት፣ ግድግዳዋ ግማሹ ጭቃ ግማሹ ጆንያ የሆነች ዳስ ነገር ናት። ውስጧ አራት ጉድጓድ ነበር። ሸማኔ ጉድጓድ አፋፍ ላይ ተቀምጦ፣ እግሩን ወደ ታች ሰዶ ነው የሚሠራው፤ እግር ከታች ይረግጣል፣ እጅ ከላይ መወርወሪያ ይወረውራል። በላይ በኩል ያለው ጉድጓድ የእኔ ነበር። ከጎኔ የደምሴ። ከእኛ ፊት ለፊት ጋሽ ዳና ራሱ፣ አራተኛው ደግሞ መጥቶ የሚሄድ ሰው። ዛሬ ቦታው ላይ የስልክ መሸፈኛና የጥፍር ቀለም የሚሸጥ ሱቅ አለ። አልፎ አልፎ በዚያ ሳልፍ ልጅቷ "አባባ፣ ምን ልርዳዎት?" ትለኛለች። ምን ትርዳኝ? እዚህ ጋ ጉድጓድ ነበረኝ ልበላት?

ይህን ሁሉ ያመጣብኝ ያለፈው እሑድ ነው። የልጅ ልጄ ሜሮን ከቸርች መጣች። እናቷ ጴንጤ ናት፣ እኔ የማርያም ነኝ፤ በአንድ ጣራ ሥር እንኖራለን፣ እግዜር ይመስገን ሰሐን አልተወራወርንም። ገመድ ላይ ተሰጥቶ ዝናብ የመታውን ጋቢዬን እየጨመቀች፣ "አባባ፣ ዛሬ ፓስተሩ ስለ ሐሳብ ነው ያስተማረን። ሰው ሳይናገር ሳያደርግ፣ አስቦ ብቻ ሊበድል ይችላል? በእናንተ ቤት ምን ትላላችሁ?" አለችኝ። ልመልስላት ስል የጋቢው ሽታ አፍንጫዬ ገባ። የረጠበ ጥጥ ሽታ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ትንሽ እንደ ሊጥ፣ ትንሽ እንደ አፈር ነው። እሷ መልስ ትጠብቃለች፣ እኔ ሄጃለሁ። "ቆይ፣ እጽፍልሻለሁ" አልኳት። ሳቀች። የእኔ ጽሕፈት ፊደል ቆጥሮ መልእክተ ዮሐንስ ላይ የቆመ ሰው ጽሕፈት ነው፤ ዳዊት እንኳን አልደገምኩም። ይሁን፣ ይነበባል።

የዚያን ጊዜ ጉለሌ፣ ምን ልበላችሁ፣ ጠዋት የሚቀሰቅሳችሁ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱት ሴቶች ነበሩ። ቅጠሉ መሬት እየጠረገ ሽው ሽው ሲል ሳይነጋ ትሰሙታላችሁ። ሻይ በአሥር ሳንቲም ነው፤ ዳቦውም በአሥር ሳንቲም፣ ግን የዚያ ጊዜ ዳቦ ሰው ያጠግብ ነበር። ጎረምሳው ከታች እንደ ደወል የሚሰፋ ሱሪ ይለብሳል፣ ፀጉሩን ያጎፍራል፣ ማበጠሪያውን ፀጉሩ ላይ ሰክቶ ይሄዳል። እኔና ደምሴ ሱሪው ነበረን፤ ጫማው ግን በረባሶ። መታጠፊያው ላይ ያለው ቡና ቤት ራዲዮ ነበረው፤ ዘፈኑ ፈጠን ሲል የአራታችንም እግር ይፈጥናል፣ ዝግ ሲል ዝግ ይላል። ጋሽ ዳና፣ "ዛሬ ዘፈኑ ሰነፍ ነው፣ ሸማው አልሄደልንም" ይል ነበር። ጾም ሲገባ ባለ ቡና ቤቱ ራዲዮውን ይቀንሰዋል፤ ያኔ የመወርወሪያው ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው፤ ከእሱም ጋር የራሳችሁ ሐሳብ።

ሸማኔ እንግዲህ የሚያስብ ሰው ነው። ፈልጎ አይደለም። እጅና እግሩ ሥራ ይዘዋል፣ ራሱ ግን ሥራ ፈት ነው። የአናጢ ራስ ይለካል፣ የነጋዴ ራስ ያሰላል፤ የሸማኔ ራስ በቃ ይዞራል። የንስሐ አባታችን መምሬ ተክሌ፣ "ኃጢአት በሐልዮ፣ በነቢብ፣ በገቢር ነው" ይሉን ነበር፤ በማሰብ፣ በመናገር፣ በማድረግ ማለት ነው። እኛ ወጣቶቹ ንስሐ ስንገባ ያደረግነውን እንናገራለን፣ የተሳደብነውን እንናገራለን፤ የመጀመሪያዋን ግን በር ላይ እንደ ቆመ ዘበኛ ሰላም ብለናት ነበር የምናልፋት። ደምሴ ነው እሷ ላይ የቆመው። ደምሴ እንደዚያ ነበር። አንድ ነገር ከያዘ ይዟል ነው። ከልጅነታችን አንድ ግቢ ነው ያደግነው፤ ወንድም አልነበረኝም፣ እሱም አልነበረውም፤ ስለዚህ ነገሩን አጣርተን ሳንነጋገር ወንድማማች ሆነን ቀረን።

ፍልሰታ በገባ በሳምንቱ ከሰዓት በኋላ ከላይ ዝናብ መጣ። የእንጦጦን ዝናብ ታውቁታላችሁ፤ መጀመሪያ ይሸታል፣ ከዚያ ይሰማል፣ ከዚያ በሩ ላይ ነው። ከሽመና ቤቱ በላይ ውሃውን ወደ ጎን የሚመራ ቦይ ነበር፤ ያን ቀን ቦዩ አልመራውም። ጎርፉ በጆንያው ሥር ገብቶ ቀጥ ብሎ የእኔ ጉድጓድ ውስጥ ወረደ። ሌሎቹን አልነካም። እየሠራሁት የነበረው ሸማ የእማማ ዘነቡ ነበር፤ በጥቅምት ለምትዳረው ልጃቸው ቀሚስ የሚሆን። ፈትሉን ክረምቱን ሙሉ በእጃቸው ነው የፈተሉት። ድሩ ጭቃ ለበሰ። መጀመሪያ ዘሎ የገባው ደምሴ ነው፤ በቆርቆሮ ጣሳ እየቀዳ፣ "አይዞህ አሴ፣ አይዞህ" እያለ፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ ቆሞ። ድሩን አጥበን፣ ያልዳነውን በሌላ ፈትል ተክተን፣ እንደገና ወጠርነው። እማማ ዘነቡም መጥተው አዩና፣ "እንግዲህ ውሃን ማን ይከሰዋል" ብለው ሄዱ።

ጾሙ ሊፈታ ሁለት ቀን ሲቀረው ከቅዳሴ ስንመለስ፣ ድልድዩ ጋ ካለችው ሻይ ቤት ገባን። ደምሴ ያን ቀን ንስሐ ገብቷል። ሻዩ መጣ፤ አልነካውም።

"አሴ፣ ይቅር በለኝ" አለኝ።

"ምን አደረግክ?"

"አላደረግኩም። አስቤ ነው።"

"ምን አሰብክ?"

"ጉድጓድህ ውሃ ሲሞላ።"

"እሱንማ ሞልቶ አየነው፣ ምን ታስበዋለህ?"

"ከመሙላቱ በፊት። ከፋሲካ ጀምሮ። ሥራ የሚያመጡልን ሴቶች ጥሩ ፈትል ሲሆን ለአንተ፣ ጋቢ ሲሆን ለእኔ ይሰጣሉ። እዚያ ጎንህ ተቀምጬ፣ አንድ ቀን ጎርፍ በገባበት እል ነበር። በየቀኑ። ከዚያ ገባ።"

ሳቅኩ። ከልቤ ነው የሳቅኩት። "እና ዝናቡን አንተ ነህ ያዘነብከው? መንግሥት ቢሰማ ለገበሬ ይሰጥሃል።"

"አትሳቅ። ይቅር በለኝ።"

"ይቅር ለእግዜር። አሁን ሻይህን ጠጣ፣ ቀዘቀዘ።"

እፎይ አለ። ሻዩን በአንድ ትንፋሽ ጨልጦ ሁለት ዳቦ በላ። ወጥተን ስንሄድ እንደ ሕፃን ቀሎት ነበር። ሸክሙን አወረደ፤ እኔ ላይ እንዳወረደው ግን ሁለታችንም አላወቅንም።

በነጋታው ጉድጓዴ ገብቼ መወርወሪያ ጨበጥኩ። ቅር ያለኝ ነገር አልነበረም። ብቻ፣ "ለምን ከፋሲካ ጀምሮ?" የሚል ነገር መጣ። በፋሲካ ምን ሆነ? እነሱ ቤት ነበር የፈሰክነው። ሥጋ ሲቆርጥልኝ እጁ ዘገየ ወይስ አልዘገየም? ያን ቀን ይህንኑ ሳስብ ዋልኩ። በማግስቱ ሌላ መጣ፤ የመረቀኝ ጊዜ፣ አይዞህ ያለኝ ጊዜ፣ በውስጡ ሌላ ሲል ነበር ማለት ነው። ሰው ያሰበውን ሳያውቁ ከሰው ጋር መኖር እንዴት ያለ ሰላም ነው! ደምሴ ደግሞ ለወትሮው ዝም ብሎ የሚሠራ ሰው፣ ንስሐ ከገባ ወዲህ መዝሙር ያንጎራጉር ጀመር። እሱ በዘመረ ቁጥር እኔ ማጉን ጠበቅ አድርጌ እመታለሁ።

ጳጉሜ ላይ መርካቶ ሰልባጅ ተራ አብረን ሄድን። ለእንቁጣጣሽ ካፖርት ሊገዛ ነው። ያን ካፖርት አሁን ባየው አውቀዋለሁ፤ አረንጓዴ፣ የወታደር ነገር፣ አዝራሩ እንደ ሳንቲም የሚያበራ፣ ኮሌታው ሲቆም ጆሮ የሚሸፍን። ሻጩ አሥራ አምስት ብር አለ። እኔ ነኝ የተከራከርኩለት፤ እጅጌው ላይ ብል የበላው አገኘሁና ዘጠኝ ብር አወረድኩት። ደምሴ ለብሶ ሲወጣ ኮሌታውን አቁሞ፣ "እንዴት ነኝ?" አለኝ። "ሻምበል" አልኩት። ሳቅን። ጉለሌ እስክንደርስ አላወለቀውም፤ አውቶቡስ ውስጥ ላቡ እየወረደ ነበር። አያችሁ እንግዲህ፤ በአፌ የለሁበትም፣ በእጄ የለሁበትም። በውጭ ያየን ሰው እንደ እነዚህ ያሉ ጓደኛሞች አላየሁም ይላል።

በዚያው ሰሞን ነው ስለ ቦዩ ማሰብ የጀመርኩት። ቦዩ ለምን ያን ቀን አልመራም? ላይ ወጥቼ ሳይ አፉ ላይ ድንጋይ ተደርድሮበታል። ጎርፍ ያመጣው ነው ሊባል ይችላል። ግን ጎርፍ ይደረድራል? በመጨረሻ ቦዩን የጠረገው ማን ነበር? ደምሴ። እንዲህ እያልኩ፣ አንድ ቀን በመወርወሪያው መሄድና መመለስ መሃል፣ አየሁት። በአጥሩ ጥግ መጥቶ፣ ፊቱን በኮሌታው ሸፍኖ፣ ጎንበስ ብሎ ድንጋዩን ሲያስቀምጥ። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ አየው ነበር። ሰው የገዛ እጁን የሚያየውን ያህል ነው ያየሁት። ለማንም አልተናገርኩም። ይዤው እውላለሁ፣ ይዤው እገባለሁ። ጸሎት ላይ ስቆም እሱ ቀድሞኝ ቆሟል።

ለመስቀል ጥቂት ቀን ሲቀር እማማ ዘነቡ ሸማቸውን ሊያዩ መጡ። ከበሩ ቆመው የተጠቀለለውን ፈታ አድርገው ወደ ብርሃኑ አነሱት።

"አሰፋ፣ ይህ ምንድን ነው?"

"ሸማ ነዋ፣ እማማ።"

"እስቲ ና ውጣና እየው። እዚህ ጋ ወንፊት ነው፣ እዚህ ጋ ሰሌን ነው። ልጄን ልድርበት ነው ወይስ እህል ላሰጣበት? ከማን ጋር እየተጣላህ ነው የሠራኸው?"

ወጥቼ አየሁት። እውነታቸውን ነው። ብርሃኑ ሲያልፍበት፣ ንዴት የመጣብኝ ቦታ ሁሉ ጠቁሮ፣ የደከመኝ ቦታ ሁሉ ሳስቶ ይታያል። እኔ እንኳን የትኛው የትኛው ቀን እንደሆነ ልነግራቸው እችል ነበር። ያን ጊዜ ደምሴ ከጉድጓዱ ሆኖ፣ በዚያ በተረጋጋ ድምፁ፣ "እማማ፣ አያስቡ፤ እኔ አግዘዋለሁ፣ ይስተካከላል" አላቸው።

በቃ፣ አፌ ተከፈተ። "አንተ ምን ታግዘኛለህ! ቦዩን ደፍነህ ውሃ ያስገባህብኝ አንተ አይደለህ? ያኔ ደግሞ በጣሳ ትቀዳልኛለህ! አስመሳይ!"

መወርወሪያ ሁሉ ቆመ። ደምሴ ቀስ ብሎ ተነሣ። "አሴ፣ ያሰብኩትን ነግሬሃለሁ። ያላደረግኩትን ከየት አምጥቼ ልንገርህ?" ብሎ ካፖርቱን ከሚስማር አወረደና ወጣ።

"ሂድ! እኔም ከሰኞ ጀምሮ አዲሱ ገበያ ነኝ፤ እዚያ ጉድጓድ አግኝቻለሁ" ብዬ ከኋላው ጮህኩ። ማግኘቱን አግኝቻለሁ፤ ከሳምንት በፊት ተነጋግሬ ነበር። እማማ ዘነቡ አንገታቸውን ነቀነቁ። ጋሽ ዳና፣ ብዙ የማይናገር ሰው፣ "አዲሱ ገበያ ሄደህ ሌላ ጎረቤት ታገኛለህ። ወንድም ግን እዚያ አይሸጥም" አለኝና ሥራውን ቀጠለ። እኔ ግን ግትር ነኝ። ዛሬም ነኝ። ዕቃዬን መሰብሰብ ጀመርኩ።

እሑድ ከሰዓት መምሬ ተክሌ ቤት ሄድኩ። ንስሐ ልገባ አይደለም፤ ልከሳቸው ነው። ጓሯቸው ጎመን ይኮተኩቱ ነበር፤ ጥምጥማቸውን አውልቀው አጥሩ ላይ ሰቅለውታል።

"መምሬ፣ ሰው ያሰበብኝን መጥቶ እንዲነግረኝ ለምን ያዝዛሉ?"

ቀና አሉ። "የሰው ንስሐ ከእኔ ጋር አታወራም። ግን እኔ ተክሌ፣ ማንንም ሂድና በልብህ ያሰብክበትን ለሰውዬው ንገረው ብዬ አላውቅም። ለእግዚአብሔር ይነገራል፣ ለሰውዬው በጎ ይደረግለታል፤ አለቀ። ማነው የነገረህ?" ከዚያ ራሳቸው ገባቸውና ግንባራቸውን መቱ። "አይ ያ ግትር! አይ እናንተ ሁለታችሁ!"

"ማሰብ ብቻ አይደለም። ቦዩንም ዘግቶታል።"

"አየኸው?"

"አውቃለሁ።"

"እሺ፣ ካወቅክ እንዳየ ሰው ንገረኛ። በየት በኩል መጣ? ምን ለብሶ ነበር?"

"በላይ በኩል ነዋ፣ በአጥሩ ጥግ። አረንጓዴ ካፖርቱን ለብሶ፣ ኮሌታውን አቁሞ..."

አፌ ላይ ቀረ። ካፖርቱ። ካፖርቱን የገዛነው በጳጉሜ ነው። እኔ ነኝ የተከራከርኩት። ጎርፉ የገባው በፍልሰታ፣ በነሐሴ ነው። በነሐሴ ደምሴ ካፖርት አልነበረውም። ጎመኑ መሃል ቁጭ አልኩ።

"ምን ሆንክ አንተ ልጅ? ጎመኔን!"

ነገርኳቸው። መኮትኮቻቸውን ጣሉና፣ "አየህ፣ ሸማኔነትህን። ክር ሳይሰጡህ ሠርተህ አለበስከው" አሉኝ።

"እኔ እኮ ምንም አላደረግኩትም፣ መምሬ።"

"እሱስ ምን አደረገህ? እሱ አሰበ፣ ፈራ፣ ተናዘዘ። አንተ ግን ያሰብከውን እውነት ነው ብለህ አብረኸው ኖርክ። እንግዲህ ማናችሁ ትብሳላችሁ?"

"አሁን ምን ላድርግ? ሄጄ ያሰብኩትን ሁሉ ልንገረው?"

"ተው! በማርያም ተው! አንዱ ነግሮ ያመጣውን አይተናል። ያሰብከውን ለእግዚአብሔር። በአፍህ የሰደብከውን ግን ሰምቶሃል፤ እሱን ራሱን ይቅርታ ትጠይቃለህ።"

"ሐሳቡ ነገ ቢመለስስ?"

"ይመለሳል እንጂ። ድር ሲበጠስብህ ምን ታደርጋለህ?"

"እቀጥላለሁ።"

"መቼ?"

"ወዲያው። ከቆየማ ሸማው ላይ ሰንበር ሆኖ ይቀራል።"

"በል እንግዲያ። ወዲያው" አሉና ከጎመናቸው መሃል በክንዴ ይዘው አስነሡኝ።

ሜሮንዬ፣ የጠየቅሽኝ ይህ ነው። የአንቺ ፓስተርና የእኔ መምሬ ብዙ ነገር ላይ አይስማሙም፤ እዚህ ላይ ግን የሚጣሉ አይመስለኝም። ስሰድብ ሰው ይሰማኛል፣ ሳጠፋ ሰው ያየኛል፤ ይዞ የሚያስቆመኝ አይጠፋም። ጭንቅላቴ ውስጥ ግን እኔና እግዜር ብቻ ነን ያለነው፤ እዚያ ካልጠበቅኩ ማንም አይጠብቅልኝም። ዛሬም ይመጣብኛል፤ በጎረቤት፣ በልጆቼ፣ አንዳንዴም በእናትሽ። ሲመጣብኝ ራሴን አንድ ነገር እጠይቃለሁ፤ አየሁት ወይስ አለበስኩት? ደምሴ ካረፈ እነሆ ሁለተኛ ዓመቱ ነው። ቁስቋም ነው ያረፈው። ስለ ካፖርቱ እስከ መጨረሻው አልነገርኩትም። ካፖርቱ ግን ሃያ ዓመት ኖረ፤ አዝራሩ አልቆ በመርፌ ቁልፍ እስኪያያዝ ድረስ ለበሰው። ባየሁት ቁጥር አንገቴን እሰብር ነበር፣ እሱ ደግሞ፣ "ምን ታየዋለህ፣ አልሸጥልህም" ይለኝ ነበር።

ያኔ ግን፣ በማግስቱ፣ ሰኞ ጠዋት፣ እንጨት ተሸካሚዎቹ ሲወርዱ ተነሣሁ። አዲሱ ገበያ አልሄድኩም። ጋሽ ዳና ቤት ገብቼ፣ የሰበሰብኩትን ዕቃ ፈትቼ፣ ጉድጓዴ አፋፍ ላይ ተቀመጥኩ። የእማማ ዘነቡን ሸማ ፈታ አደረግኩና ማጉን ከመጨረሻው አንድ በአንድ ወደ ኋላ መምዘዝ ያዝኩ። የሠሩትን ማፍረስ ከመሥራት ይከብዳል፤ የተመዘዘው ክር ጉልበቴ ላይ ይወሳሰባል፣ አንድ ሰው ብቻውን የሚችለው አይደለም። ደምሴ ገባ። ካፖርቱን ሚስማሩ ላይ ሰቀለ። አላየኝም።

"ደምሴ፣ ለተናገርኩህ ይቅር በለኝ" አልኩት።

"ለተናገርከው ብቻ?"

"ለተናገርኩህ።"

ትንሽ አየኝ። ከዚያ መጥቶ እግሩን ወደ እኔ ጉድጓድ ሰዶ ተቀመጠና፣ የክሩን ጫፍ ከእጄ ወሰደ። እኔ እመዝዛለሁ፣ እሱ ይጠቀልላል። እንዲህ ስንል ረፈደ።